የሲስተር ቀሚስ በንፋስ መውጫ

መቼም እኛ አገር ስለ ሴት ልጅ ልብስ አስተያየት የሌለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ስለ ደመወዟ ብትጠይቁት አያውቅም። ስንት ሰዓት ቆማ እንደዋለች ብትጠይቁት አያውቅም። ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ስንት ጣት እንደሆነ ግን ሳይጠየቅ ቆጥሮ ይነግራችኋል። ነርሶችም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። እንዲያውም በነሱ ይብሳል። ልብሳቸው የመንግሥት ነው፣ የአለቃ ነው፣ የበሽተኛው ነው፣ የአስታማሚው ነው፣ በር ላይ የቆመው ዘበኛም ድርሻ አለው። ሐሳብ የማትጠየቀው የምትለብሰው ብቻ ናት።

ክርክሩ ይሄ ነው። ነርስ ሥራ ላይ ስትሆን የለመድነውን ነጭ ቀሚስ ትልበስ ወይስ አሁን አሁን “ስክራብ” የሚሉትን? ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ስክራብ መነሻው የኦፕራሲዮን ክፍል ልብስ ነው። ከላይ እንደ ካናቴራ በራስ የሚጠለቅ፣ አንገቱ ሾጠጥ ያለ፣ እጅጌው ጉርድ ነው፤ ከታች ደግሞ ወገብ ላይ በገመድ ወይም በላስቲክ የሚያዝ ልል ሱሪ አለው። ዱሮ ከኦፕራሲዮን ክፍል በር አይወጣም ነበር። ዛሬ ወጥቶ ዋርድ ገብቷል፤ ከዋርድም አልፎ ታክሲ ውስጥና ካፌ ውስጥ ማየት ከጀመርን ቆየን።

ይህን ክርክር አዲስ አበባ ሆኜ ብሰማው ኖሮ ብዙም ባልገረመኝ። የሰማሁት ግን ንፋስ መውጫ ነው። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ጋሸናና ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ የሚያቋርጣት ከተማ። ስሟን ያወጣላት ሰው ቅኔ አልተቀኘም፤ ያየውን ነው የተናገረው። በወዲያ በኩል ጉና ተገትሯል። ንፋሱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚተላለፈው፤ ሰላምታው ራሱ በዓይን ነው። እንግዲህ በዚህ አየር ነው እጅጌ ጉርድ ይሻላል፣ የለም ቀሚስ ይሻላል እየተባለ የሚመከረው!

እዚያ አካባቢ ስሙን በማልጠራው አንድ የጤና ተቋም የታመመች ዘመዴን ሳስታምም ሰንብቼ ነበር። አስታማሚ የሆነ ሰው ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ወሬ ይሰማል። ማታ ማታ በሽተኛው ጋብ ሲል ከተረኛ ነርሶች ጋር ሻይ እየጠጣን እንጫወት ነበር። ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ወደ ሃያ ዓመት የሠራች፣ ሁለተኛዋ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ያልሞላት።

“እትዬ፣ እኔ ቀሚሴን ካልለበስኩ ሥራ የገባሁ አይመስለኝም” አለችኝ ትልቋ። “ገበሬው ከሩቅ አይቶ ‘ሲስተር መጣች’ ይላል። በዚህኛው ግን ማን ጽዳት፣ ማን ተማሪ፣ ማን ነርስ እንደሆነ አይለይም።”

ትንሿ አላስጨረሰቻትም። “እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ሰው ልቡ ቆሞብኝ አልጋ ላይ ተንበርክኬ ደረቱን ስጫን፣ ቀሚሴን በየትኛው እጄ ልያዘው?”

ፍርዱን ለጊዜው ልተወውና ሁለቱ ያላነሱትን፣ ሻይ ቤት ያለው ሕዝብ ግን ደጋግሞ የሚያነሳውን ነገር ላንሳ። “ቀሚስ ባህላችን ነው፤ ሱሪ የፈረንጅ ነው” ይባላል። ኧረ ተው! የነርስ ቀሚስ ከመቼ ወዲህ ነው የኛ የሆነው? ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ላይ የነርሶች ትምህርት ቤት ስትከፍት ነው ነገሩ መልክ የያዘው። “ሲስተር” የሚለው መጠሪያ ራሱ ገዳማውያን ሴቶች በሽተኛ ያስታምሙ ከነበረበት ዘመን የተረፈ የአውሮፓ ቃል ነው። ወደኛ የመጣው በሚሲዮን ሐኪም ቤቶችና በነርስ ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ያስታወሰ ሰው ይህንን ይረዳል። በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ጨረሰች፤ ቀጥላም በጋይስ ሆስፒታል ሠራች። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ ሕፃን ልታጥብ በነርስ ልብስ መቆሟ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር፤ ፎቶዎቿን ያየ ያውቀዋል። አገሯ ገብታ ብዙም ሳትቆይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ አረፈች። በስሟ የተሠራው፣ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል ከተከፈተ በኋላ ነርሶች ይማሩበት ነበር። የሰሜኑን ሰው በተመለከተ ደግሞ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አለ፤ ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጋር ኮሚዩኒቲ ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር።

ከነርሷ ቀድሞ በየገጠሩ መርፌ ሲወጋና ቁስል ሲያጥብ የኖረው ደግሞ ድሬሰር ነው። በነገራችን ላይ ድሬሰር ማለት ቁስል አሳሪ ማለት ነው እንጂ ልብስ አልባሽ ማለት አይደለም። የሚገርመው ግን የድሬሰሩ ልብስ አጠረ ረዘመ ብሎ የተከራከረ ሰው አላውቅም። ድሬሰሩ ወንድ ነበራ!

ስለዚህ ነጩ ቀሚስ እንግዳ ነው፤ ስክራቡም እንግዳ ነው። ቀድሞ የመጣው እንግዳ ዘመድ መስሎ ተቀመጠ፤ ልዩነቱ ይሄው ነው።

የሌላውን ወገን ሰዎች ደግሞ እንያቸው። “ስክራብ ዘመናዊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ዓለም የሚለብሰው እሱን ነው” ይላሉ። ከዚህ አባባል ግማሹ የመጣው ከአሜሪካ የሐኪም ቤት ተከታታይ ፊልም እንደሆነ መደበቅ አያስፈልግም። ግሬይስ አናቶሚን አይቶ ያደገ ተማሪ ተመርቆ ሲወጣ ቀሚስና ቆብ ቢያሳዩት ማን ይቀበላቸዋል? አለባበሱን ተችቼ አይደለም፤ እንደ ልብስ ሳየው ስክራብ ብልህ ልብስ ነው። ቀለሙ እንኳ በምክንያት የተመረጠ ነው። ዱሮ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር ነጭ ነበር፤ በኃይለኛ መብራት ሥር የነጭ ነጸብራቅ ከደም ቅላት ጋር ተደምሮ የሐኪሙን ዓይን ያደክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ቀዶ ሐኪም ቆስጣ የመሰለ አረንጓዴ ልብስና ግድግዳ ይሁንልኝ አለ። አረንጓዴ ለቀይ ተቃራኒ ስለሆነ ዓይን ያሳርፋል። የቆስጣው ቀለም ቀስ በቀስ ዓለምን አዳረሰ።

ነገር ግን ይሄ ልብስ የተቆረጠው ለየትኛው ክፍል ነው? በሩ ለተዘጋ፣ ሙቀቱ ለተመጠነ፣ ንፋስ ለማይገባበት ክፍል ነው። በዚያ ክፍል እጅጌ ጉርድ መሆኑ ልክ ነው፤ ሳሳ ያለ ጨርቅ መሆኑም ልክ ነው። ይኸው ልብስ በንፋስ መውጫ ሌሊት፣ መስኮቱ በማይገጥም ክፍል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲለበስ ምን ይሆናል? እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትንሿ ነርስ ከስክራቡ በታች ሹራብ ለብሳለች፣ ከሹራቡ በታች ሌላ ሹራብ፣ ከላይ ደግሞ ነጭ ጋወን ደርባለች። ጋወኑ ላይ ጋቢ ጣል አድርጋለች። ትልቋም ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳለች፤ ሱሪው ካልሲ ውስጥ ገብቷል። ቀሚስና ሱሪ ሲከራከሩ ያመሹት ሁለት ሴቶች ብርዱ መጥቶ አስታርቋቸው ሁለቱም ሁለቱንም ለብሰው አገኘኋቸው።

ይሄ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2007 በሽተኛ የሚነካ ባለሙያ ክንዱ ከክርኑ በታች ባዶ እንዲሆን የሚያዝ መመሪያ አወጡ። የእጅ ሰዓት የለም፣ ረጅም እጅጌ የለም። ልብስ ራሱ በሽታ ያስተላልፋል የሚል ጠንካራ ማስረጃ አግኝተው አይደለም፤ ሰው እጁን እስከ አንጓው ድረስ በደንብ መታጠብ የሚችለው ክንዱ ባዶ ሲሆን ነው ብለው ነው። ምክንያቱ ያሳምናል። ለንደን ያለው ዋርድ ግን ማሞቂያ አለው። ጋይንት ላይ ክንዷን አራቁታ የምታድር ነርስ ራሷ በሽተኛ ትሆናለች፤ እጅጌዋን ካላራቆተች ደግሞ ውኃው እጅጌዋን ያርሰዋል፤ እርጥብ እጅጌ ይዛ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ትሄዳለች። መፍትሔው ከባድ ሆኖ አይደለም። እጅጌ የሌለው ወፍራም ሰደርያ ቢሰፋላትና የተረኛ ክፍሉ ማሞቂያ ቢያገኝ ግማሹ ችግር ያልቃል። በርኖስ ለሚያውቅ አገር ሰደርያ እንግዳ አይደለም። ግን የነርስ ልብስ ሲታሰብ ሰደርያ በማንም አእምሮ ውስጥ የለም፤ ያለው “ቀሚስ ወይስ ሱሪ” ነው።

ነገሩ ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ነው። ከላይ ጋይንት ቁልቁል ወደ ታች ጋይንት ብትወርዱ እስከ በሽሎ ድረስ ቆላ ነው፤ በስማዳም በእስቴም በኩል ደጋውና ቆላው እየተቀያየረ ይሄዳል። አንድ ዞን ውስጥ አንዷ ነርስ በብርድ ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ሌላዋ በላብ ትጠመቃለች። የሚገዛላቸው ጨርቅ ግን አንድ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ቴትረን። ቴትረን በደጋ አያሞቅም፣ በቆላ አያበርድም፤ ጥሩነቱ ቶሎ መድረቁና ዋጋው መቅለሉ ነው። ባሕር ዳር ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጥጥ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ሆና፣ በዚያው ክልል ያለች ነርስ ጥጥ ለመልበስ በራሷ ገንዘብ ገበያ ትወጣለች።

ወደ ሥራው እንግባ። እኔ በአስታማሚነቴ እንዳየሁት ነርስነት የመቆም ሥራ ነው ማለት ብቻ አይበቃም፤ የመጎንበስ፣ የመንበርከክ፣ የመሸከም ሥራ ነው። በቃሬዛ ከገጠር የመጣ በሽተኛ ወደ አልጋ ይነሳል። አልጋ ሲሞላ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ መሬት ላይ ለተኛ ሰው ግሉኮስ የሚሰካው ቁጢጥ ተብሎ ነው። ወላድ ስታምጥ አዋላጇ ፊቷን ወደ ማሕፀን ጀርባዋን ወደ በር አድርጋ ነው የምታጎነብሰው፤ በሩ ላይ ደግሞ የወላዷ ባል፣ አማት፣ ወንድም ተሰልፈዋል። አምቡላንስ ላይ የሚወጣው በአንድ እርምጃ ነው። ይህን ሁሉ በጠባብ ቀሚስ የሞከረች ሴት ትንሿ ነርስ ያለችውን ትላለች። ኪሱም አለ። ፕላስተር፣ መቀስ፣ ጓንት፣ እስክሪብቶ፣ ስልክ የት ይቀመጥ? የቀሚሱ ኪስ እንደ ጌጥ ሁለት ጣት ብቻ ያስገባል። በዚህ በኩል ስክራቡ ያለ ጥርጥር ይረታል።

ይበል ብዬ ልዘጋው ስል ትልቋ አንድ ነገር ጨመረችልኝና አፌን አስያዘችኝ። “እትዬ፣ መጸዳጃ ቤቱን አይተውታል?” አይቼዋለሁ። ወለሉ ሁልጊዜ ውኃ ነው፤ ውኃ ብቻም አይደለም። “ቀሚስ ሰብሰብ አድርጌ ይዤ እገባለሁ፣ ይዤ እወጣለሁ። ይሄ ልል ሱሪ ግን ሲወርድ ጫፉ ወለሉን ይጠርጋል። ያንኑ ይዛ ነው ተመልሳ ሕፃን የምታቅፈው።” ይህንን የትኛውም ሻይ ቤት ውስጥ ሲነሳ አልሰማሁም። የሚከራከሩት ወንዶች የሴቶች መጸዳጃ ቤት ገብተው አያውቁማ።

ሌላም አለ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገር። የወር አበባ። የሌሊት ተራ ከማታ እስከ ጠዋት ነው፤ ሁለት ሆነው ሙሉ ዋርድ ሲይዙ ዘወር ብሎ ራስን ማየት አይቻልም። ነጭ ሱሪ ለብሳ ያደረች ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ከኋላዋ የሚታይ ነገር እንዳለ ስትጠይቅ ነው የምታድረው። “እስቲ እይኝ” የምትላት ጓደኛ ባትኖር ወንበር ላይ የተቀመጠች እንደሆነ ለመነሳት ትፈራለች። ነጭ ቀሚስም ቢሆን ከዚህ ስጋት አያድንም። ታዲያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቢሆን ምን ይጎድል ነበር? ነጭ ቀለም የመጣው ሐኪሞች ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ስለ ተሕዋስ ሲያውቁ፣ ከዚያ በፊት ይለብሱት የነበረውን ጥቁር ኮት አውልቀው “ንጹሕ ነን” ለማለት ነው። ነጭ ጨርቅ ንጹሕ አያደርግም፤ ቆሻሻውን ያሳያል እንጂ። ማሳየቱ የሚጠቅመው ወዲያው የሚቀየር ሌላ ልብስ ሲኖር ነው። አንድ ቀሚስ ላላት ነርስ ግን ነጭ ማለት ቀኑን ሙሉ መሳቀቅ ነው።

አጠባውስ? የኦፕራሲዮን ክፍሉ ልብስ በተቋሙ ላውንደሪ ይታጠባል፤ የዋርዷ ነርስ ልብስ ግን በፌስታል ተጠቅልሎ ቤት ይሄዳል። ቤት ሄዶ በአንድ ሳፋ ከልጇ ልብስ ጋር ይዘፈዘፋል። በክረምት ንፋስ መውጫ ላይ የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ይውላል፤ ስለዚህ እርጥቡን መልበስ ወይም ያልታጠበውን መልበስ ነው ምርጫው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ሰው ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሰሞን ተጨነቀ፤ የሐኪም ቤት ልብስ ይዞ ቤት መግባት አስፈራ፣ ጫማ በር ላይ ይወለቅ ጀመር። ወረርሽኙ ሲረግብ ጭንቀቱም ረገበ፤ ፌስታሉ ግን ዛሬም ወደ ቤት ይሄዳል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ነርሷን የሚመለከት ነው። በሽተኛውስ? የትልቋ ነርስ የመጀመሪያ ንግግር፣ “ማን ማን እንደሆነ አይለይም” ያለችው፣ ቀላል ነገር አይደለም። ከስማዳ ወይም ከእስቴ ገጠር የመጣ ሰው ነጭ የለበሰውን ሁሉ “ዶክተር” ይላል። ሴት ከሆነች “ሲስተር” ይላታል። ወንድ ነርስ፣ አገራችን ውስጥ ብዛታቸው ቀላል አይደለም፣ “ሲስተር” ሊባል ስለማይችል ዶክተር ይሆናል፤ የምታጸዳዋ ሴት በበኩሏ ሰማያዊ ስለለበሰች ብቻ ቀርባ መድኃኒት ትጠየቃለች። አንዲት እናት ለጽዳት ሠራተኛዋ የልጇን ሕመም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። ሠራተኛዋ ጨዋ ናት፤ መጥረጊያዋን ይዛ እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸውና “እማማ፣ እኔ እኮ ጠራጊ ነኝ” አለቻቸው። እማማ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሁለተኛ ለመናገር አቅም አልነበራቸውም።

“ለዚህ መታወቂያ አለ” ይባል ይሆናል። አዎ፣ አለ። ደረት ላይ ተንጠልጥሏል። በምን ቋንቋ እንደተጻፈ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያየኋቸው በእንግሊዝኛ ነው የተጻፉት፤ ስም በእንግሊዝኛ፣ ሙያ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በምሕፃረ ቃል። አማርኛ ማንበብ የሚችል የገበሬ ልጅ አባቱን ይዞ መጥቶ የሚያነበው አጥቷል። ጤና ጥበቃ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያው ሩህሩህ፣ ተንከባካቢና ሰው አክባሪ ይሁን እያለ ያስተምራል፤ መፈክሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ሰው አክባሪነት ስምን ሰው በሚያነበው ፊደል ከመጻፍ ቢጀምር ምናለ?

ይህን ነገር የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ንፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ለዘጠኝ ቀናት ያህል በህወሓት ታጣቂዎች እጅ ነበረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ሪፖርት በከተማዋ ጥቃት የደረሰባቸውን 16 ሴቶች አነጋግሯል፤ አብዛኞቹ በቡድን የተደፈሩ ናቸው። የጤና ተቋማቱ ተዘርፈውና ተጎድተው ስለነበር ሴቶቹ የሚያስፈልጋቸውን ሕክምና ለማግኘት ተቸግረው እንደነበርም ጽፏል። ያንን ያየች ሴት ዛሬ ለሌላ ሕመም መጥታ የምርመራ አልጋ ላይ ስትተኛ፣ መጋረጃውን ገልጦ የሚገባው ማን እንደሆነ ሳይነገራትና ሳይለይላት መቅረቱ የአለባበስ ጉዳይ ብቻ ነው? ለሷ ዩኒፎርም የሚባል ነገር ሁሉ እኩል አያጽናናም። ነርስ መሆኗን በቀለም የምታውቃት፣ ስሟን አንብባ የምትጠራት ሴት ብትገባላት ቀሚስ ትልበስ ሱሪ ግድ አይሰጣትም።

እንግዲህ ወደ ፍርዱ። የልብሱ ቀለም አንድ ይሁን፤ ነርስ የምታውቀው በቀለሙ ይሁን፤ ጽዳትም ተማሪም ሐኪምም የየራሳቸው ይኑራቸው። ስም በአማርኛ፣ በትልቁ ይጻፍ። ቁርጡን ግን ለነርሷ ተዉላት። አዋላጇ ሱሪ ካለች ሱሪ፤ ሌላዋ ቀሚስ ካለች ሰፋ ያለ ቀሚስ፤ ነፍሰ ጡሯ ወገቡ የሚለጠጥ፤ ከሥራ ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዋ ደግሞ ጉልበት የሚያልፍ ጃኬት ከሱሪ ጋር። ስክራቡም የታችኛው ጫፉ ላስቲክ ቢገባለት የመጸዳጃ ቤቱን ወለል አይጠርግም፤ ይህን ለማድረግ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። “አንድ ወጥ ካልሆነ ሥርዓት ይጠፋል” የሚሉ አሉ። ወንዶቹ ነርሶች በጋወን ሥር ጂንስም ካኪም ለብሰው ይውላሉ፤ ሥርዓት ጠፋ ሲባል አልሰማሁም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው ግዢው ነው። የደንብ ልብስ የሚባለው ነገር በአብዛኛው የሚገዛው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ነው። አንዲት ነርስ እንደነገረችኝ በሠራችበት ተቋም ልብሱ መጣ ተብሎ ተሰለፉ፤ ልኬት የወሰደ ሰው ስላልነበረ ቀጭኗ ድንኳን ደረሳት፣ ወፍራሟ የእጅ መሐረብ። ተቀያየሩ። የቀረውን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው በራሳቸው ገንዘብ አስተካከሉ። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበትን፣ ብዙዎችም የታሰሩበትን ጊዜ ያስታወሰ ሰው ይህች የልብስ ሰፊ ሒሳብ ትንሽ አትመስለውም። ስክራቡን የሚወዱት ልጆችም አብዛኞቹ ከኪሳቸው አውጥተው የገዙት ነው፤ ቀለሙ የተዘበራረቀው ለዚያ ነው። አንዷ ወይን ጠጅ፣ አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ አበባ ያለበት። ተቋሙ ያልገዛውን ልብስ በቀለም ሊያዝ አይችልም።

የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ጋይንት ላይ ሐምሌ ማለት ጉም፣ በረዶና ጭቃ ማለት ነው። ልኬቱ በግንቦት ተወስዶ ጨርቁ በሰኔ ካልተመረጠ ልብሱ የሚደርሰው በጥር ነው፤ ያውም ከደረሰ። ትልቋ ነርስ ልኬቷን በወረቀት ጽፋ ይዛዋለች፤ ወገብ፣ ደረት፣ ቁመት፣ ከታች ደግሞ “ኪስ ሁለት፣ ጥልቅ” ይላል። የሚቀበላት ቢሮ የትኛው እንደሆነ ግን እስከሄድኩ ድረስ አልታወቀም ነበር።